ስፌት ቤቱ የጸዳ ሰሞን

ሐጂራን የማያውቅ ሰው ጽዳት ምን እንደሆነ አውቃለሁ አይበል። አጅማን፣ ሰናኢያ በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ፣ ከጋራዦቹና ከእንጨት ቤቶቹ መሃል፣ አባያ የሚሰፋበት ቤት አላት። ደጁ አቧራና የሞተር ዘይት ነው፤ ገባ ሲሉ ግን ወለሉ ላይ አራስ ልጅ ቢያስተኙበት የማያሳስብ ነው። መቀሶቹ ግድግዳው ላይ ቅርጻቸው ተስሎላቸዋል፤ በየቅርጻቸው ይሰቀላሉ። በትልቁ ቦታ ትንሹን የሰቀለች ወዮላት። አባያው ጥቁር፣ ክሩም ጥቁር ነው፤ እሷ ግን ጥቁርን ከጥቁር ትለያለች። ይሄ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፣ ያኛው ወደ ቡናማ ይወስደዋል እያለች በየመደርደሪያው ታስደረድራለች። ሴቶቹ ከኋላዋ «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ» እያሉ ይስቁባታል። ፊት ለፊቷስ ማን ወንድ!

እስፒልማ ተዉት። አንድ ጊዜ ዱባይ፣ ናይፍ ለሚሸጥ ነጋዴ የላከችውን አባያ አንዲት ሴት ስትለካ አንገቷን እስፒል ወጋትና ጭነቱ እንዳለ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሐጂራ በገመድ ያሰረችውን ማግኔት እየጎተተች በየስፌት መኪናው ሥር ትዞራለች። ማግኔቱ አንዲት እስፒል ይዞ ከወጣ የዚያች መኪና ባለቤት ያን ቀን ምሳዋ አይጥማትም። መርፌ የተሰበረባትም ስባሪውን ለቅማ፣ መዳፏ ላይ ገጣጥማ ካላሳየች ሌላ አይሰጣትም።

ከሁሉም የምትጣላው ከወለላ ጋር ነው። ወለላ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ እጇ ስፌት ላይ ወርቅ የሆነ፣ ግን እግዜር ያሳያችሁ፣ ዝርክርክ። ሻርጃ የሰው ቤት ስትሠራ ከሐጂራ ታናሽ እህት ከኢኽላስ ጋር በጎረቤት ተዋወቁ፤ ወደ ስፌት ቤቱ ያመጣቻትም ኢኽላስ ናት። የወለላ መኪና ዙሪያውን ክር፣ ብጣሽ ጨርቅ፣ የብስኩት ወረቀት አይጠፋውም። ሐጂራ «የአይጥ ጎጆ» ትለዋለች። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ሳይነታረኩ ሥራ አይጀመርም። ወለላ እያጉረመረመች ትለቅማለች፤ ከሰዓት መልሶ ያው ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ ይባል የለ።

ሐጂራ ክፉ ናት ማለቴ ግን አይደለም። የታመመች ሠራተኛ ክሊኒክ ይዛ የምትሮጠው እሷው ናት። ባሏ የሞተባት ገና በሰው ቤት ሳለች ነው፤ የቀራት አንድ ልጇ ሙዘሚል ብቻ ነው። ከሚሴ ከአያቱ ጋር ያደገ ጎረምሳ ነው፤ ቪዛውን ጨርሳ ልታመጣው ነበር። ጥግ ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛ አሰናድታለታለች። ግድግዳው ላይም የመቀሱን ቅርጽ ስላለታለች፤ መቀሱን ግን ሲመጣ ራሱ ይምረጥ ብላ ቦታውን ባዶ ትታዋለች።

በሥራ መሃል ስልኳን አፏ ላይ ደግና ድምጽ ትልክለታለች፤ በላህ ወይ፣ ሰገድክ ወይ፣ ክፍልህን ጠረግህ ወይ። የሱ መልስ ሲመጣ ለሁሉም ታሰማለች። የመጨረሻው እንዲህ የሚል ነበር፤ «እማ፣ አብሽሪ፣ ክፍሌን ጠርጌያለሁ። ካላመንሽኝ ማግኔትሽን ይዘሽ ነይና እዪ።» ከዚያ ሳቁ ይከተላል። ይህችን ሐጂራ እየደጋገመች ስታሰማ ሴቶቹ ሁሉ በቃላቸው ያዙት፤ ወለላማ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ እንደ እሱ ትለው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወለላ አል ራሺዲያ ካለው ቢድ ስፔሷ፣ አልጋ ከተከራየችበት የጋራ ክፍል፣ ሳትወጣ ኢኽላስ ደወለች። ድምጿ ከመታጠቢያ ቤት እንደሚመጣ ያስታውቃል፤ የአሠሪዋ የማዳሟ ልጆች እንዳይሰሟት ቧንቧውን ከፍታዋለች። ሙዘሚል ትናንት፣ እሑድ፣ ከኮምቦልቻ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ሞተ። ከመግሪብ በፊት ቀብረውታል።

ወለላ አልጋዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። የመጀመሪያ ሐሳቧ ለሐጂራ ማን ይነግራት ይሆን የሚል ነበር፤ ኢኽላስም የደወለችው ለዚሁ ኖሯል። ማዳሟ ከዓርብ በፊት አልለቅሽም ብላታለች። ዓርብ ትልልቆቹን ሰብስባ፣ እሷው መጥታ፣ በወጉ ትነግራታለች። እስከዚያ ሐጂራ እንዳትሰማ። ከሚሴ ያሉትንም እንዳይደውሉ ለምናለች፤ ኔትወርኩ እንደሆነ ሄድ መጣ ስለሚል ሐጂራ አትጠረጥርም።

«የባሏን እኔ ነኝ በስልክ ያረዳኋት» አለች ኢኽላስ። «ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም። ወጥ ቤት ብቻዋን ቆማ ነው የሰማችው። እንግዳ ነበረና ዓይኗን ጠርጋ ሻይ ቀድታ አቀረበች። ወለላዬ፣ ይሄንንም ብቻዋን ከሰማች እኔ ሰው አልሆንም።»

ወለላ ማተቧን ይዛ ማለች። ሐጂራ እስከ ዓርብ ከማንም አትሰማም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና፣ ሳያውቁ እንዳያመልጣቸው ለሴቶቹ መንገር ግድ ሆነ። መጀመሪያ አልጋ ጎረቤቷ ለሆነችው ለፍቅርተ ነገረቻት፤ ፍቅርተ ለሌሎቹ ወደ ሥራ በሚወስዳቸው ሚኒባስ ውስጥ በሹክሹክታ አዳረሰች። ሆድ ይፍጀው ተባብለው ተማማሉ። ያልተነገረው ልብስ የሚተኩሰው ባንግላዴሻዊ ብቻ ነው። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እነሱ ቋንቋውን አያውቁ፣ ምን ብለው ይንገሩት?

ሲገቡ ሐጂራ እንደ ወትሮዋ በር ላይ ቆማ ጫማ ታስወልቃለች። ወለላ ዓይኗን ማየት አቃታት፤ ሰላምታዋን ለወለሉ ሰጥታ አለፈች። መኪናዋ ጋ እንደደረሰች እጇን የምታደርግበት ብታጣ የወደቀ ክር አነሳች። ከዚያ ሌላውን አነሳች። ፍቅርተም ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። ማንም ማንንም እናጽዳ አላለም፤ የሴትዮዋን ሐዘን ሊሸከሙላት ስላልቻሉ፣ ንዴቷን እንኳ ቢቀንሱላት ብለው ይመስለኛል። በየጠረጴዛው ሥር ገቡ፣ ክሩን ጥቁር ከጥቁር ለዩ፣ መቀሱን በየቅርጹ ሰቀሉ። ሐጂራ ማግኔቷን ይዛ ብትዞር ባዶውን ተመለሰላት። በደስታ «ማሻ አላህ፣ ዛሬ ምን ታየ!» አለች።

ለወለላ ግን ያ ሳምንት የቁም ቅዠት ሆነባት። ያለቁት አባያዎች በር በኩል ባለው መስቀያ ይደረደራሉ፤ የኤሲው ነፋስ ሲነካቸው እጅጌያቸው ይወዛወዛል። ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ስትሰፋ ልብ ብላቸው የማታውቃቸው፣ አሁን ቀና ባለች ቁጥር ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ደጅ የቆሙ ሴቶች ይመስሏታል። ጥግ ያለው ባዶ የመቀስ ቅርጽም ዓይኗን ይጎትተዋል። ጀርባዋን ብትሰጠው ደግሞ አንድ ሰው ጠረጴዛው ጋ የቆመ ይመስላትና ማጅራቷን ይቀዘቅዛታል። ማተቧን ይዛ በስመ አብ ትላለች፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለስባታል።

ከሁሉ የከፋው ስልኩ ነበር። ሐጂራ ለሙዘሚል መላኳን አልተወችም። ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው፣ ይሄ የከሚሴ ኔትወርክ አይረባም፣ ፎቶግራፉን ላክ ብዬህ የለም፣ ቪዛው እኮ ሙሽኪላም ችግርም የለውም፣ ደርሷል። እየሣቀች፣ እየተቆጣች፣ ለተቀበረ ልጅ ታወራለች። ሴቶቹ መኪናቸውን አንድ ላይ ይረግጡታል፤ ድምጿን እንዳይሰሙ ነው። መልስ ሲጠፋባት ያቺኑ የድሮዋን ትከፍታለች። «ክፍሌን ጠርጌያለሁ» ይላል ልጁ፣ ይሥቃል። ወለላ አንድ ጊዜ ጣቷን በመርፌ ወጋች፤ ደሙ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አልታየም።

ረቡዕ ከሰዓት ሐጂራ «አልሓምዱሊላህ!» ብላ ከወንበሯ ተነሣች። የላከቻቸው ሁሉ ተከፍተው ተሰምተዋል፤ ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። እየዞረች ለእያንዳንዳቸው አሳየቻቸው። ወለላ ስልኩን አይታ ማተቧን ያዘች። እርግጥ ነው፣ ከቤተሰቡ አንዱ የሟቹን ስልክ ከፍቶት ይሆናል፣ ፍቅርተም በጆሮዋ ይህንኑ አለቻት። ልብ ግን ይህን መቼ ይሰማል? ሐጂራ ቁጭ ብላ መልሱን ጠበቀች። ሥራ እስኪያልቅ ጠበቀች። አልመጣም።

ሐሙስ ሐጂራ ስትመጣ ሌላ ሴት ሆና ነበር። ማግኔቱን አላነሳችውም። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ቤቱን ስታይ፣ ሴቶቹን ስታይ ዋለች። ወለላ የሐጂራ ዓይን በላይዋ ሲያልፍ ይሰማታል፤ በተሰማት መጠን ደግሞ ይበልጥ ታጸዳለች። እንዴት ያለች ቂል ናት! ብስኩቷን በልታ ወረቀቱን ብትጥል፣ ክሩን ብትዘራው፣ ሐጂራ ተነሥታ ብትሰድባት ኖሮ ዓርብ በደህና ይደርስ ነበር። ያን ግን ማን አስቦት።

ወደ ምሳ ሰዓት ሐጂራ ሴቶቹንም ተኳሹንም በሙሉ ጭነቱን አውርዳችሁ የጭነት መኪናው ላይ ደርድሩ ብላ አስወጣቻቸው። ወለላን ቆይ አለቻት። በሩ ሲዘጋ የእስፒሉን ሣጥን ከጠረጴዛው አነሣችና ገለበጠችው። እስፒሉ ወለሉን ሞላው።

ወለላ ተንበርክካ መልቀም ጀመረች።

«አየሽ» አለች ሐጂራ። ድምጿ ቁጣ የለበትም። «የደፋሁት እኔ፣ የምትለቅሚው አንቺ። ምነው ብለሽ እንኳ አትጠይቂኝም።»

ወለላ አቀርቅራ ትለቅማለች።

ሐጂራ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከሰኞ ጀምሮ እንዳየቻቸው ነገረቻት። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ቀጥሎ ምናልባት ተማክረው ሊለቁ ይሆናል ብላ ጠረጠረች። በኋላ ግን የባንግላዴሻዊውን ጥግ አየች። የእሱ እንደ ድሮው ዝርክርክ ነው፤ የጸዳው የአገሯ ልጆች ቦታ ብቻ ነው። እሱ ያልሰማውን እነሱ የሰሙት ነገር አለ ማለት ነው።

«የኛ ሰው ሳይታዘዝ እንዲህ የሚያገለግለው ሬሳ የወጣበትን ቤት ነው» አለች። «ማነው የሞተብኝ?»

ወለላ አፏን ከፈተች፤ ማተቧ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

«ግድ የለም፣ አትንገሪኝ። አስምለውሽ ይሆናል። አንቺ ብቻ ልቀሚ።» ዓይኗን የወለላ እጅ ላይ ተከለች። «እናቴ ናት?»

ወለላ እስፒል አነሣች፣ ሣጥኑ ውስጥ ጣለች።

«ወንድሜ ነው?»

ሌላ እስፒል አነሣች። እጇ አልቆመችም።

«ኢኽላስ ምን ሆነችብኝ?»

ሌላም አነሣች። ውጭ የጋራዡ መዶሻ ይመታል፣ ሴቶቹ ጭነቱን ያላ ያላ ሲባባሉ ይሰማል። ወለላ የሚመጣውን ስም አውቃዋለች። እጄ ሆይ እንዳትቆሚ፣ እንዳትቆሚ እያለች ለመነቻት።

«ሙዘሚል» አለች ሐጂራ። እንደ ጥያቄ አላለችውም።

የወለላ እጅ እስፒሏ ላይ ቀረች። ብትላት ብትላት አልነሣ አለች።

ሐጂራ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ የወለላን እጅ ብቻ ታያለች። «ተቀብሯል?» አለች። ወለላ ራሷን ነቀነቀች። መቼ ስትላት እሑድ አለቻት። ሐጂራ ስልኳን አወጣች። ከእሑድ ወዲህ የላከቻቸውን በጣቷ እየገፋች ወደ ላይ ወጣች፤ ብዙ ናቸው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ የሰማው ማነው?» አለች።

ወለላ አሁን ማልቀስ ጀምራለች፤ በድላታለችና፣ ቃሏን በልታለችና። በጉልበቷ ሄዳ እግሯን ያዘች። ይቅር በይኝ፣ ኢኽላስ ዓርብ በሰው መሃል ልትነግርሽ ነበር፣ የባልሽ ይበቃታል ብላ ነበር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት እያለች ሁሉንም አፈሰሰችው።

የእህቷ ስም ሲነሣ ሐጂራ እንደ ነቃ ሰው ሆነች። የወለላን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ስሚኝ። ያ የባሌ ነገር ኢኽላስን ዕድሜዋን ሙሉ ሲበላት ኖሯል። አሁንም ብቻዬን እንደሰማሁ ካወቀች አትተርፍልኝም። እኔ ምንም አላወቅሁም። አንቺም አልነገርሽኝም። ዓርብ ትምጣና እሷ ታርዳኝ።»

ወለላ እንዴት ትችይዋለሽ ብላ ልትጠይቃት ነበር፤ በሩ ተከፈተና ሴቶቹ ገቡ። ሐጂራ ተነሣች። ወለሉን በጣቷ እያሳየች፣ በዚያው በለመዱት ድምጽ፣ ይህ ምንድን ነው፣ ስፌት ቤት ነው ወይስ ቆሻሻ መጣያ ብላ ጮኸች፤ ፍቅርተንም ጫማሽን አውልቂ አለቻት። ሴቶቹ እፎይ ተባብለው ተያዩ። ወለላ ግን ቀና ብላ የሐጂራን ፊት አየች። እንዲህ ያለ ድምጽ እንደ ኖራ ከነጣ ፊት ሲወጣ አይታ አታውቅም። ሐጂራ እስከ ማምሻው ሠራች። ማግኔቱን ጎተተች፣ መርፌ ሰጠች፣ የተሰበረም ተቀበለች። ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ብቻ አልዞረችም። ስልኳንም ደግማ አልነካችውም።

ዓርብ በጠዋት የሐጂራ ቤት፣ እዚያው አል ራሺዲያ፣ ሰው መጣ። በዕረፍት ቀናቸው ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ካለው ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ይሄዱ የነበሩት እነ ፍቅርተ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆሙ። ከሻርጃ የመጡ አንድ ሼኽና የከሚሴ ትልልቅ ሴቶች ኢኽላስን መሃል አድርገው ገቡ። ወለላ ከሁሉ ኋላ ናት። እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም፤ ሐጂራ ማስመሰሉን ካልቻለችበት ኢኽላስ ፊቷ ላይ ታነበዋለች፣ ሁሉም ከንቱ ይሆናል ብላ ስትፈራ ነው ያደረችው። ደግሞም፣ ከትናንት ጀምሮ ስታለቅስ ያደረች ከሆነ ዛሬ እንባውን ከየት ታመጣዋለች?

ሐጂራ በሩን ከፈተች። ቤቱ ጥርግርግ ብሏል፤ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ትራሱ ተደርድሯል። ምነው በጠዋቱ፣ በደህናችሁ ነው ብላ ጠየቀች፣ እንደ ማንኛውም ሰው። ሼኹ እንድትቀመጥ ነገሯት። ኢኽላስ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ የአላህ ነገር ነው እህቴ፣ ሙዘሚል የለም አለቻት።

ያኔ የወጣውን ጩኸት የሰማ አይረሳውም። ሐጂራ ወደ ፊት ተደፍታ ምንጣፉን ጨበጠችው፤ «ልጄን፣ ልጄን» ስትል ፎቁ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ ጎረቤቶች በራቸውን ከፈቱ። ወለላ ወዲያው ገባት። ይህች ሴት ከትናንት ምሳ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰችም። ሌሊቱን ቤቷን ስትጠርግ አድራለች እንጂ አላለቀሰችም። ሁሉንም ለእህቷ አቆይታላታለች። ወለላ በሩን ተደግፋ በእጅጌዋ አፏን አፈነች።

ኢኽላስ እህቷን ከምንጣፉ አንሥታ ደረቷ ላይ አደረገቻት። ሁለቱም እየተወዛወዙ አለቀሱ። ጩኸቱ በረድ ሲል ኢኽላስ የእህቷን ፀጉር እየደባበሰች ደጋግማ ትናገር ጀመር፤ ዓመታት ሙሉ ልትለው የፈለገችው ይመስል ነበር።

«ዘንድሮስ ብቻሽን አልሰማሽም። እህቴ፣ ዘንድሮስ ብቻሽን አልሰማሽም።»

ሐጂራ በእህቷ ትከሻ ላይ እንዳለች ያበጡ ዓይኖቿን ገለጠች፤ በሰዉ መሃል ፈልጋ ወለላን አገኘቻት።

«አዎ» አለች። «ብቻዬን አልነበርኩም።»